እርሾ የበላው ሽፋኑ ላይ ይታያል፦ ከፍላስክ እስከ ሲሊካ ፕሌት

ሁለት ፍላስክ ጎን ለጎን ሼከር ላይ ይወዛወዛሉ። እርሾው አንድ ነው። ስኳሩም ሙቀቱም እኩል ነው። የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንደኛው ላይ በሊትር 13.5 ሚሊግራም ኢኖሲቶል (ስኳር መሰል ትንሽ ሞለኪውል) ተጨምሮበታል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሁለቱን በማይክሮስኮፕ ብታዩአቸው ልዩነት አታገኙም። ስባቸውን አውጥታችሁ ሲሊካ ፕሌት (ስቦችን የሚለያይ፣ በሲሊካ ዱቄት የተለበጠ ሰሌዳ) ላይ ብታስኬዱት ግን የሴሎቹ ሽፋን መለያየቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ይህን ጉዳይ ለብዙ አሥርት ዓመታት የያዙት ሱዛን ሄንሪ የተባሉ አሜሪካዊት ሳይንቲስት ናቸው። በካርኔጊ ሜለን፣ ኋላም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ከማይክል ካልበርትሰን ጋር ሆነው ኢኖሲቶል ካልተሰጣቸው የማያድጉ የእርሾ ሚውታንቶችን (ጂናቸው የተለወጠ ዘሮችን) አሳተሙ። ቀጥሎ የታየው ይገርማል። እነዚህ ሚውታንቶች ኢኖሲቶል ሲነፈጋቸው እድገት አቁመው ተራቸውን አይጠብቁም። ይሞታሉ። የሴሉ ሌላው ሥራ ይቀጥላል፣ ሽፋኑ ግን አብሮት ማደግ ያቅተዋል።

እኔ ተማሪዎችን ላብ ውስጥ ሳሠራ ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር አለ። የስብ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ክሎሮፎርሙ ጋ ሳይደርስ ነው። የሚበላሸው ፍላስኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ስለ ማሳደጉ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ማስ ስፔክትሮሜትር አያስፈልገንም። ሼከር፣ ሴንትሪፊውጅ፣ ፊውም ሁድ (መርዛማ ትነት ስቦ የሚያወጣ የሥራ ሳጥን)፣ የመስታወት ቱቦዎችና ሲሊካ ፕሌት ካሏችሁ ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ምን ልናይ ነው?

ፎስፋቲዲክ አሲድ የሚባለውን ሞለኪውል እንደ አደባባይ አስቡት። የእርሾ ሴል ስብ ሲሠራ አብዛኛው መንገድ በዚህ አደባባይ ያልፋል።

አንዱ መንገድ ወደ ጎተራ ይወስዳል። ፓህ1 የተባለ ኤንዛይም ፎስፌቱን ያነሳና ነገሩ ወደ ትራይግሊሰራይድ ያመራል። ያም በሴሉ ውስጥ በስብ ጠብታ መልክ ይቀመጣል። የዚህን ኤንዛይም ጂን እ.ኤ.አ. በ2006 የለየው የራትገርስ ዩኒቨርሲቲው የጆርጅ ካርማን ላብ ነው። ሌላው መንገድ ወደ ሽፋኑ ይሄዳል፣ እሱም ይከፈላል። ኢኖሲቶል ከተገኘ ፎስፋቲዲልኢኖሲቶል ይሠራል። በሴሪን በኩል ከሄደ ደግሞ መጀመሪያ ፎስፋቲዲልሴሪን፣ ቀጥሎ ፎስፋቲዲልኢታኖላሚን ይሆንና፣ ሦስት ጊዜ ሜቲል ተጨምሮበት ፎስፋቲዲልኮሊን ሆኖ ያርፋል።

አሁን ዋናው ነገር። ኦፒ1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ሥራው ኢኖሲቶል የሚያሠራውን ጂን ማጥፋት ነው። ኢኖሲቶል በሌለበት ጊዜ አደባባዩ ላይ ፎስፋቲዲክ አሲድ ይበዛል፤ ኦፒ1ም እሱን ይዞ ከኒውክለስ ውጭ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጂኑ ይበራል፣ ሴሉ የራሱን ኢኖሲቶል ይሠራል። ከውጭ ኢኖሲቶል ሲመጣ ፎስፋቲዲክ አሲዱ ይጠጣል። ኦፒ1 የያዘው ነገር ያልቅበታል፣ ወደ ኒውክለስ ይገባል፣ ጂኑን ይዘጋል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሽፋኑ ግድግዳ ብቻ አይደለም፣ ለሴሉ ወሬ ያቀብላል ማለት ነው። እኔን በዚህ ሥራ ያስቀረኝ ይህ ግኝት ነው።

ደህንነት

ክሎሮፎርም ጉበት ይጎዳል፣ በካንሰር አምጪነትም ይጠረጠራል። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል። ፊውም ሁድ ከሌላችሁ ይህን ሥራ አትጀምሩት። ተራው የናይትራይል ጓንት ክሎሮፎርምን የሚቋቋመው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከፈሰሰበት ወዲያው አውልቃችሁ ቀይሩ። ክሎሮፎርም ያለበትን ቆሻሻ ለብቻው ጠርሙስ ውስጥ አጠራቅሙ። ከአሴቶን ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ ትንሽ ቤዝ ከተገኘ ድብልቁ በኃይል ሊፈነዳ ይችላል። ሲንክ ውስጥም አይደፋም።

ደረጃ 1፦ ምግቡን ማዘጋጀት

እርሾ ላብ ውስጥ በብዛት የሚያድገው ዋይፒዲ በሚባለው ምግብ ነው፦ በሊትር 10 ግራም የእርሾ ጭማቂ፣ 20 ግራም ፔፕቶን፣ 20 ግራም ግሉኮስ። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። የእርሾ ጭማቂው ራሱ ኢኖሲቶል አለበት። «ያለ ኢኖሲቶል» ብላችሁ የምታሳድጉት ፍላስክ ሳታውቁት ሲበላ ያድራል።

ስለዚህ ሠው ሠራሽ ምግብ እንጠቀማለን፦ የእርሾ ናይትሮጅን ቤዝ በሊትር 6.7 ግራም፣ ግሉኮስ 20 ግራም፣ እንዲሁም እርሾው የሚፈልጋቸው አሚኖ አሲዶች። ቢዋይ4741ን የመሰለ የላብ ዘር ከሆነ ሂስቲዲን፣ ሉሲን፣ ሜቲዮኒንና ዩራሲል ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉና የማሰሮውን ጽሑፍ አንብቡ። ተራው የእርሾ ናይትሮጅን ቤዝ በሊትር 2 ሚሊግራም ኢኖሲቶል አለው። ይህ ወደ 11 ማይክሮሞላር ነው። ሙከራውን ለማበላሸት በቂ ነው። መግዛት ያለባችሁ «ኢኖሲቶል የሌለው» ተብሎ የተጻፈበትን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ልዩነት አጥቶ የተሰቃየ ተማሪ አውቃለሁ። ፕሌቱን ይለውጣል፣ ክሎሮፎርሙን ይለውጣል፣ ስታንዳርዱን (ለማነጻጸሪያ የሚቀመጠውን የታወቀ ስብ) ይለውጣል። ችግሩ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ማሰሮ ነበር።

ኢኖሲቶሉን ለብቻ አዘጋጁ። 1.35 ግራም በ100 ሚሊሊትር ውሃ አሟሙና በፊልተር አጣሩት። ይህ 75 ሚሊሞላር ነው። ከዚህ 1 ሚሊሊትር በ1 ሊትር ምግብ ላይ ሲጨመር 75 ማይክሮሞላር ይሆናል።

የላብ ዘር ከሌላችሁ ከሱቅ የሚገዛው የዳቦ ደረቅ እርሾ ለልምምድ ይሆናል። ለብ ባለ ውሃ አርሱት፣ አጋር ላይ ጭረቱት፣ ከበቀለው ውስጥ አንድ ነጠላ ኮሎኒ ውሰዱ። የቢራ እርሾ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ያለ ኢኖሲቶል ከነጭራሹ አያድግም።

ደረጃ 2፦ ማሳደግ

ምሽት ላይ ኮሎኒውን ኢኖሲቶል በሌለው ምግብ 5 ሚሊሊትር ውስጥ ጨምሩና በ30 ዲግሪ አሳድሩት። ጠዋት ሴሎቹን ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ እጠቧቸው። ከዚያ ሦስት ፍላስክ ጀምሩ፣ እያንዳንዱ 250 ሚሊሊትር የሚይዝ፣ ውስጡ 50 ሚሊሊትር ምግብ ያለው፦

ሀ. ኢኖሲቶል የሌለው
ለ. 75 ማይክሮሞላር ኢኖሲቶል ያለው
ሐ. እንደ «ለ» ሆኖ ለ48 ሰዓት የሚቆይ

ሁሉንም ከኦዲ 0.1 አስጀምሯቸው (ኦዲ በ600 ናኖሜትር ብርሃን የሚለካ የፈሳሹ ድፍርስነት ነው)። 30 ዲግሪ፣ በደቂቃ 200 ዙር። «ሀ»ን እና «ለ»ን የምትሰበስቡት ኦዲ 0.8 ላይ ሲደርሱ ነው። ሦስት ጊዜ ይባዛሉ ማለት ነው፤ በዚህ ምግብ ስድስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ኦዲው ከ0.5 ካለፈ አቅጥናችሁ ለኩ፣ አለዚያ መሣሪያው ይዋሻል።

ፍላስኩ ከአምስት አንድ እጁ ብቻ እንዲሞላ ያደረግኩት ለአየር ነው። እርሾ ያለ ኦክስጅን ስኳር አብላልቶ ይኖራል ብለን ተምረናል፣ እውነት ነው። ሽፋኑን ለመሥራት ግን ኦክስጅን ያስፈልገዋል። አንድሪያሰንና ስታየር እ.ኤ.አ. በ1953 እና በ1954 እንዳሳዩት፣ አየር ፈጽሞ ያጣ እርሾ እንዲያድግ ኤርጎስቴሮል (በእርሾ ሽፋን የኮሌስትሮልን ቦታ የያዘ ስብ) እና እንደ ኦሌይክ አሲድ ያለ ያልጠገበ ስብ ከውጭ ሊሰጠው ይገባል። ታሽጎ የሚከርም ጠጅ ውስጥ ያለው እርሾም የሚሠራው መጀመሪያ አየር ባገኘበት ሰዓት ባጠራቀመው ነው። ሼከሩ ቀን ላይ መብራት ሄዶ ቢቆምባችሁ ያንን ፍላስክ ጣሉት። በኋላ ምን እንዳያችሁ አታውቁትም።

ሙቀቱም እንዲሁ። ቅቤና የኑግ ዘይት ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት አስቀምጡ። ቅቤው ድንጋይ ይሆናል፣ ኑጉ ይፈሳል። ልዩነቱ የስብ አሲዶቹ ድርብ ትስስር ነው። እርሾም ብርድ ሲመታው ሽፋኑ እንዳይደርቅበት የስብ አሲዶቹን ይለዋውጣል። ድርብ ትስስር የሚያስገባለት ኦሌ1 የተባለ አንድ ኤንዛይም ብቻ ነው፤ በአንድ ሰንሰለት ላይም አንድ ብቻ ያስገባል። ስለዚህ የእርሾ ስብ በብዛት አራት ዓይነት ነው፦ 16 እና 18 ካርበን ያላቸው፣ ድርብ ትስስር ያላቸውና የሌላቸው። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ዕድል ነው። የዓሣ ወይም የሰው አንጎል ስብ በዚህ ንጽጽር የገበያ ግርግር ነው።

ደረጃ 3፦ ቀጥ ማድረግ

ሴሉ በሕይወት እስካለ ስቡን መለወጥ አያቆምም። ሴንትሪፊውጁ ተራ ይዞ ሲጠበቅ፣ ፍላስኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ ምግቡ ሲያልቅና አየሩ ሲያጥር ሽፋኑም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ፍላስኩን ከሼከሩ ባወረዳችሁበት ቅጽበት፣ ለ50 ሚሊሊትሩ 50 በመቶ የሆነ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ 5.5 ሚሊሊትር ጨምሩ። አሲዱ ቆዳ ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር ይኑራችሁ። አነቃንቁትና በረዶ ላይ 20 ደቂቃ አስቀምጡት። ኤንዛይሞቹ ሁሉ ይሞታሉ።

ከዚያ በ3000 ጂ ለ5 ደቂቃ፣ በ4 ዲግሪ አሽከርክሩ። ላይኛውን ፈሳሽ ድፉት። ዝቃጩን በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ጊዜ እጠቡት፤ አሲዱ ከቀረ ቆይቶ ስቡን ራሱን ይቆራርጠዋል። በዚያው ቀን ካልቀጠላችሁ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ባለ ፍሪዘር አስቀምጡት።

«ሐ» ፍላስክ በ48 ሰዓቱ እጅግ ወፍራም ይሆናል። ሁሉንም አትውሰዱ። «ሀ» እና «ለ» 50 ሚሊሊትር በኦዲ 0.8 ስለሆኑ 40 ዩኒት ናቸው። ከ«ሐ»ም 40 ዩኒት የሚሆነውን አስልታችሁ ውሰዱ፣ አሲዱንም በዚያው ልክ ቀንሱ።

ደረጃ 4፦ ግድግዳውን መስበር

እርሾ ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ ግሉካን፣ ማናንና ትንሽ ካይቲን ነው። ክሎሮፎርም ብቻውን ቶሎ አያልፈውም። ዝቃጩን ቴፍሎን ክዳን ወዳለው የመስታወት ቱቦ አዛውሩት። ግማሽ ሚሊሊትር ያህል በአሲድ የታጠበ፣ 0.5 ሚሊሜትር የሆነ የመስታወት ፍሬ ጨምሩ። 1 ሚሊሊትር ሜታኖል ጨምሩ። 30 ሰከንድ ቮርቴክስ፣ 30 ሰከንድ በረዶ። ይህን አሥር ጊዜ ደጋግሙት። አሰልቺ ነው፤ ከስምንተኛው በኋላ እጅ ይደክማል፣ ግን አታቋርጡ። በመጨረሻ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ እዩ። አብዛኛው ሴል የተሰበረ፣ ጥላ የመሰለ መሆን አለበት።

በዚህ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ቱቦ አዘጋጁ። ሴል የሌለበት፣ ሌላው ነገር ሁሉ ያለበት። ባዶ ቱቦ እንበለው። ከዚህ ጀምሮ ከሌሎቹ ጋር አንድም ደረጃ ሳይቀር አብሮ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 5፦ ስቡን ማውጣት

ዘዴው የጆርዲ ፎልች ነው፣ እ.ኤ.አ. 1957። ከሁለት ዓመት በኋላ ብላይና ዳየር ካናዳ ውስጥ ለዓሣ የሚሆን ፈጣን ዘዴ አወጡ። ሁለቱም ዛሬም ይሠራሉ። ለትንሽ ናሙና ግን እኔ የምመርጠው የፎልችን ነው።

ሜታኖሉ ላይ 2 ሚሊሊትር ክሎሮፎርም ጨምሩ። አሁን ሁለት እጅ ክሎሮፎርም፣ አንድ እጅ ሜታኖል ነው። በክፍል ሙቀት አንድ ሰዓት እያነቃነቃችሁ አቆዩት። አሽከርክሩና ፈሳሹን ወደ አዲስ የመስታወት ቱቦ ገልብጡ፤ ፍሬውና ፍርስራሹ ይቅር። በፈሳሹ ላይ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ 0.75 ሚሊሊትር ጨምሩ። ይህ ልኬት በግምት የመጣ አይደለም፤ ክሎሮፎርም፣ ሜታኖልና ውሃ በ8፣ 4፣ 3 ሲመጣጠኑ ነው በደንብ የሚለያዩት። አነቃንቁና በ1000 ጂ ለ5 ደቂቃ አሽከርክሩ።

ቱቦውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ታች ጥርት ያለ ክሎሮፎርም አለ፣ ስቡ እሱ ውስጥ ነው። ላይ ሜታኖልና ውሃ፣ ስኳርና ጨው ይዘው። በመካከል እንደ እርጎ ሽፋን ያለ ነጭ ቀለበት ታያላችሁ። እሱ ፕሮቲን ነው። ቅቤ ሲነጠር አረፋው ላይ፣ አተላው ታች ይሄዳል፣ የምንፈልገው መካከል ላይ ይቀራል። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ የምንፈልገው ከሥር ነው።

የሥሩን ለማውጣት ረጅም የመስታወት ፓስተር ፒፔት ውሰዱ። ወደ ታች ስታስገቡት ቀስ እያላችሁ የአየር አረፋ ልቀቁ፤ ላይኛው ፈሳሽ ጫፉ ውስጥ አይገባም። ነጩን ቀለበት አልፋችሁ ሥሩ ስትደርሱ ብቻ ሳቡ። ነጩን አትንኩት። ጥቂት ክሎሮፎርም ቢቀርባችሁ ይሻላል። በቀረው ላይ እንደገና 2 ሚሊሊትር ክሎሮፎርም ጨምራችሁ ደግማችሁ አውጡና ከፊተኛው ጋር ቀላቅሉት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢኖሲቶልና ስኳር የተሸከሙ ስፊንጎሊፒዶች (ሌላ የሽፋን ስብ ዓይነት) በዚህ መንገድ በደንብ አይወጡም። ሰንሰለታቸው 26 ካርበን ይደርሳል፣ ራሳቸው ደግሞ ውሃ ይወዳል። እነሱን የሚያጠና ሰው በኢታኖል፣ በውሃ፣ በኢተር፣ በፒሪዲንና በአሞኒያ ድብልቅ በ60 ዲግሪ ያወጣቸዋል። በዚህ ፕሌት ላይ ስላጣችኋቸው እርሾው የላቸውም ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ስለ ፕላስቲክ

አንድ ጊዜ በሁሉም ናሙና ላይ ከትራይግሊሰራይድ በታች ያረፈ አዲስ ነጠብጣብ አየሁ። ንጹሕ፣ ክብ፣ ሁሌም አንድ ቦታ። አዲስ ስብ ያገኘሁ መስሎኝ ሦስት ሳምንት ተከተልኩት። ደስታዬ ያበቃው ባዶውን ቱቦ ያስኬድኩ ቀን ነው። ሴል በሌለበት ቱቦም ያው ነጠብጣብ ነበር። ክሎሮፎርሙን የምቀዳበት የፕላስቲክ ጫፍ ነበር የሚሟሟው። ከዚያ ወዲህ ክሎሮፎርም የሚነካው ነገር ሁሉ መስታወት ወይም ቴፍሎን ነው። ባዶ ቱቦም ሳልይዝ አልሠራም።

ደረጃ 6፦ ማድረቅ

ክሎሮፎርሙን በናይትሮጅን ጋዝ አድርቁ፣ ከ40 ዲግሪ ሳያልፍ። ብዙ አትጠብቁ። ከቱቦው ሥር በጭንቅ የሚታይ ስስ ቅባት ብቻ ነው። በ100 ማይክሮሊትር ክሎሮፎርም አሟሙት። ማቆየት ካለባችሁ ላዩን በናይትሮጅን ሸፍናችሁ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡት። የእርሾ ስብ አሲድ ከአንድ በላይ ድርብ ትስስር ስለሌለው እንደ ኑግ ዘይት ቶሎ አይሻግትም። ኤርጎስቴሮሉ ግን አየርና ብርሃን አይወድም፤ ቱቦውን በፎይል ጠቅልሉት።

ደረጃ 7፦ ፕሌቱን ማስኬድ

ሁለት ፕሌት ያስፈልጋል። አንዱ ለማከማቻ ስቦችና ለስቴሮል፣ ሌላው ለሽፋኑ ፎስፎሊፒዶች (ስማቸው «ፎስፋቲዲል» ብሎ ለሚጀምረው ስቦች)።

የመጀመሪያውን ፕሌት በ110 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አድርቁ። ከታች 1.5 ሴንቲሜትር ላይ በእርሳስ ቀስ ብላችሁ መስመር አስምሩ። እስክሪብቶ አይሆንም፣ ቀለሙ አብሮ ይሮጣል። ከእያንዳንዱ ናሙና 10 ማይክሮሊትር በመስታወት መርፌ ጥቂት በጥቂት አስቀምጡ፣ እያደረቃችሁ። ነጠብጣቡ ካነሰ ውጤቱ ያምራል። ከጎን ስታንዳርዶችን አስቀምጡ። ባዶውን ቱቦ አትርሱ።

ቻምበሩን በማጣሪያ ወረቀት ሸፍኑና ሄክሴን፣ ዳይኢታይል ኢተርና አሴቲክ አሲድ በ80፣ 20፣ 1 ቀላቅላችሁ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ጨምሩ። ከድናችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ አየሩ በእንፋሎት ይጥገብ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ፕሌታቸው በዳርና በዳር ወደ ላይ የተቆለመመ ይሆንባቸዋል። ፈሳሹ ከላይ 1 ሴንቲሜትር ሲቀረው አውጡት።

ሁለተኛው ፕሌት ሌላ ዝግጅት አለው። በ65፣ 25፣ 4 የክሎሮፎርም፣ የሜታኖልና የውሃ ድብልቅ ብታስኬዱት ፎስፋቲዲልኢታኖላሚን ከላይ፣ ኮሊኑ ከታች ሆነው ይለያሉ። ፎስፋቲዲልኢኖሲቶልና ፎስፋቲዲልሴሪን ግን ይጠጋጋሉ። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ኢኖሲቶሉን ነው። ስለዚህ ፕሌቱን አስቀድማችሁ 1.8 በመቶ ቦሪክ አሲድ ባለው ኢታኖል ንከሩት፣ አድርቁት፣ በ100 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ በክሎሮፎርም፣ ኢታኖል፣ ውሃና ትራይኢታይልአሚን በ30፣ 35፣ 7፣ 35 አስኪዱት። ዓሣ ዓሣ የሚል መጥፎ ጠረን አለው፤ የሁዱን መስታወት አትክፈቱ። የትኛው ነጠብጣብ የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ጎን ያስቀመጣችሁት ስታንዳርድ ነው፣ ከሌላ ሰው ፎቶ ጋር አታመሳክሩ።

ደረጃ 8፦ ማየት

ፕሌቱ ሲደርቅ ባዶ ነጭ ነው። ጥቂት የአዮዲን ፍሬ ባለበት የተዘጋ ማሰሮ ውስጥ አቁሙት። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ቡና የነካው ወረቀት መስለው ነጠብጣቦቹ ከነጩ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ይህችን ደቂቃ ስንት ጊዜ እንዳየኋት አላውቅም፣ ግን ዛሬም አጠገቡ ቆሜ ነው የማያት። ከማሰሮው እንዳወጣችሁት ፎቶ አንሱ፣ በእርሳስም ክበቡ። አዮዲኑ ይተናልና ቶሎ ይደበዝዛል።

አዮዲን ለማየት እንጂ ለመለካት አይሆንም። ድርብ ትስስር ያለውን አጋኖ ያሳያል። ለመለካት ፕሌቱን 10 በመቶ ኮፐር ሰልፌትና 8 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ባለው ፈሳሽ ንከሩትና በ140 ዲግሪ አሙቁት። ስቡ ከስሎ ይጠቁራል። 1፣ 2፣ 5፣ 10 ማይክሮግራም ስታንዳርድ በተርታ ካስቀመጣችሁ ጥቁረቱን ከነሱ ጋር ማነጻጸር ትችላላችሁ።

ደረጃ 9፦ ማንበብ

የመጀመሪያው ፕሌት ላይ ከታች፣ ባስቀመጣችሁበት ቦታ፣ ፎስፎሊፒዱ ሳይንቀሳቀስ ይቀራል። ወደ ላይ ስትሄዱ ኤርጎስቴሮል፣ ከዚያ ነጻ የስብ አሲድ፣ ትራይግሊሰራይድ፣ በመጨረሻም የስቴሮል ኤስተር ታገኛላችሁ። «ሐ»ን ተመልከቱ። ትራይግሊሰራይዱና የስቴሮል ኤስተሩ ገዝፈው ይታያሉ። ማደግ ያቆመ እርሾ ሽፋን መሥራቱን ትቶ ጎተራውን ይሞላል። አደባባዩ ላይ መንገዱ ተቀይሯል።

ነጻ የስብ አሲዱ ያለ ልክ ከበዛ ግን ደስ አይበላችሁ። ብዙውን ጊዜ ናሙናው መበላሸቱን ነው የሚናገረው። ወይ ደረጃ 3 ላይ ዘግይታችኋል፣ ወይ አሲዱ በደንብ አልታጠበም።

ሁለተኛው ፕሌት ላይ «ሀ» እና «ለ»ን ጎን ለጎን ያዙ። በ«ለ» ረድፍ የፎስፋቲዲልኢኖሲቶሉ ነጠብጣብ ጎልቶ ሰፍቷል። በ«ሀ» ጠቦ ታዩታላችሁ። እርሾው ያው ነው፣ ጂኑ ያው ነው፣ የተለየው ያበላነው ነው። ልዩነት ካላያችሁ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና ማሰሮውን ደግማችሁ አንብቡ።

ተጨማሪ፦ ኤርጎስቴሮልን በስፔክትሮፎቶሜትር

ሲሊካ ፕሌት ያጠረው ላብ ይህችን ብቻ ቢሠራ ብዙ ይማራል። የኛ ሴል ሽፋን ኮሌስትሮል አለው፣ የእርሾና የሌሎች ፈንገሶች ግን ኤርጎስቴሮል። ብዙዎቹ የፈንገስ መድኃኒቶች የሚሠሩት በዚህ ልዩነት ነው። ፍሉኮናዞል ኤርጎስቴሮል የሚሠራውን አንድ ኤንዛይም ይዘጋል። አምፎቴሪሲን ቢ ራሱን ኤርጎስቴሮሉን ይይዛል። የካላዛር ጥገኛ ተሕዋስም ሽፋኑ ተመሳሳይ ስቴሮል ስላለው፣ ሁመራና መተማ አካባቢ ለሚታከሙ አንዳንድ ሕሙማን ይኸው አምፎቴሪሲን በሊፖዞም ተጠቅልሎ ይሰጣል። ሊፖዞሙ ራሱ ከፎስፎሊፒድ የተሠራ ትንሽ ሽፋን ነው።

አራት ፍላስክ አሳድጉ፦ ፍሉኮናዞል 0፣ 1፣ 4 እና 16 ማይክሮግራም በሚሊሊትር። ከፋርማሲ የሚገዛው ካፕሱል ሌላ ዱቄት አለበት፣ ንጹሑን ተጠቀሙ። እዚህ በትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ አትግደሉ፤ ሰብስባችሁ እጠቡና እኩል የሆነ እርጥብ ዝቃጭ መዝኑ። ፖታስየም ሃይድሮክሳይድ 25 ግራም በ35 ሚሊሊትር ውሃ አሟሙና በኢታኖል እስከ 100 ሚሊሊትር ሙሉት። በየዝቃጩ 3 ሚሊሊትር ጨምሩና በ85 ዲግሪ አንድ ሰዓት አቆዩ፣ ክዳኑ የጠበቀ የመስታወት ቱቦ ውስጥ። ይቀዝቅዝ። 1 ሚሊሊትር ውሃና 3 ሚሊሊትር ሄፕቴን ጨምራችሁ 3 ደቂቃ ቮርቴክስ አድርጉ። ላይኛው ሄፕቴን ነው። አንዱን እጅ በአራት እጅ ኢታኖል አቅጥኑና ኳርትዝ ኩቬት ውስጥ ከ240 እስከ 300 ናኖሜትር ስካን አድርጉ።

ንጹሕ ኤርጎስቴሮል አራት ጉብታ ያለው ኩርባ ይሰጣል፣ ረጅሙ 281.5 ናኖሜትር ገደማ ላይ ነው። መድኃኒቱ እየጨመረ ሲሄድ ጉብታዎቹ አንድ ላይ እየተንጠፈጠፉ ይወርዳሉ። መድኃኒት ባልገባበት ፍላስክም ኩርባው ጠፍጣፋ ከሆነ ሄፕቴኑ ብርሃን ላይ አድሮ እንደሆነ ጠይቁ። ባወጣችሁት ቀን ለኩት፤ ካልቻላችሁ በፎይል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት ከሁሉ በፊት መድኃኒት ያልገባበትን አስቀድማችሁ ለኩ።